ኮምፓይለሩ ዝም ሲል፡- የፕሮሰሰር መለኪያን ከተለወጠ ከርነል ጋር ስለማስማማት

መለኪያ መሣሪያ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንደኛው ብልሽት ግልጽ ነው፤ የቮልትሜትሩ ቀስት አይንቀሳቀስም ወይም የቴርሞሜትሩ ብርጭቆ ተሰብሯል፤ ስለዚህ ማንም ሰው መሣሪያውን ይጥለዋል ወይም ያስጠግነዋል። ሁለተኛው ብልሽት ስውር ነው፤ ቀስቱ ይንቀሳቀሳል፣ ቁጥርም ይነበባል፣ ቁጥሩ ግን ሐሰት ነው። የሳይንስ ተማሪ አብልጦ ሊፈራ የሚገባው ይህን ሁለተኛውን ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው መሣሪያ ከብርጭቆና ከሽቦ ሳይሆን ከፕሮግራም የተሠራ ነው። የኮምፒውተርን ፕሮሰሰር ፍጥነት፣ ሙቀትና የኃይል ፍጆታ ይለካል። ይህን መሰሉ ፕሮግራም የሊኑክስ ከርነል በተለወጠ ቁጥር «አልገነባም» ማለቱ የተለመደ ነው። ስህተቱን አስወግዶ ፕሮግራሙን ማስነሳት ብዙ ጊዜ ቀላል ሥራ ነው። ነገር ግን ግልጹን ብልሽት በችኮላ ስናስወግድ በስውሩ ልንተካው እንደምንችል ከራሳችን ቤተ ሙከራ ተምረናል። ያን ለመረዳት አስቀድሞ መሣሪያው ምን እንደሚለካና ስያሜዎቹን ከየት እንደሚያገኝ ማወቅ ያስፈልጋል።

መሣሪያው ምን ይለካል?

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው በሊነስ ቶርቫልድስ የተጀመረ ስርዓተ ክወና ነው። ከርነል የምንለው የዚህ ስርዓት እምብርት ሲሆን፣ በተጠቃሚው ፕሮግራሞችና በኮምፒውተሩ አካል መካከል ቆሞ ሁለቱን ያገናኛል። ከከርነሉ ጋር አብረው ከሚሰራጩት መሣሪያዎች አንዱ ተርቦስታት ይባላል። ሌን ብራውን የተባለ የኢንቴል ባለሙያ የጻፈው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ከወጣው የከርነል ቅጂ 2.6.38 ጀምሮ የሊኑክስ አካል ሆኗል።

ፕሮሰሰሩ ስለ ራሱ ሁኔታ የሚመዘግብባቸው ሬጅስተር የተባሉ አነስተኛ የቁጥር መያዣዎች አሉት። እያንዳንዱ ሬጅስተር የራሱ አድራሻ አለው። ተርቦስታት የሚሠራው እነዚህን አድራሻዎች እየጠየቀ ቁጥሮችን መሰብሰብና በፊዚክስ አሃድ መተርጎም ነው። ትርጉሙ ግን ሁልጊዜ እንደሚጠበቀው አይደለም። ለምሳሌ የሙቀቱ ሬጅስተር ሙቀትን በቀጥታ አይናገርም፤ ከተፈቀደው ከፍተኛ ወሰን ስንት ዲግሪ ዝቅ እንዳለ ነው የሚነግረን። ወሰኑ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነና ሬጅስተሩ 42 ካለ፣ ሙቀቱ 58 ዲግሪ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፕሮሰሰሩ የጋለ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው።

ፍጥነትም የሚገኘው ሁለት ቆጣሪዎችን በማነጻጸር ነው። ሁለቱም ፕሮሰሰሩ ሥራ ላይ ሲሆን ብቻ ይቆጥራሉ። አንዱ በቋሚ ፍጥነት፣ ሌላው በወቅቱ ባለው እውነተኛ ፍጥነት ይቆጥራል። መነሻ ፍጥነቱ 2.4 ጊጋኸርዝ ቢሆንና ሁለተኛው ቆጣሪ ከመጀመሪያው 1.25 እጥፍ ቢቆጥር፣ አማካይ የሥራ ፍጥነቱ 3.0 ጊጋኸርዝ ነበር ማለት ነው።

ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው የኢነርጂ ቆጣሪው ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ የፈጀውን ኢነርጂ የሚደምር ቆጣሪ አስገብቷል። ይህ ቆጣሪ የሚቆጥረው በጁል አይደለም። የቆጣሪውን አሠራር በገበያ ምሳሌ እንመልከተው። አንድ ነጋዴ «ዛሬ 40 ቁና ጤፍ ሰፈርሁ» ቢለን፣ የቁናውን ልክ ካላወቅን ስንት ኪሎ እንደሸጠ አናውቅም፤ የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ይለያልና። የኢነርጂ ቆጣሪውም የሚሰጠን የቁናዎቹን ብዛት ብቻ ነው። የቁናው ልክ በሌላ ሬጅስተር ተጽፏል። ያ ሬጅስተር 14 የሚል ቁጥር ቢሰጠን፣ 14 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን 16,384 እናገኛለን፤ አንዱ ቁና የ1 ጁል 16,384ኛ ክፍል፣ ማለትም 61 ማይክሮጁል ያህል ነው። 16 ቢለን ደግሞ ቁናው 15.3 ማይክሮጁል ያህል ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ለሰርቨር በወጡት ሃስዌል በተባሉት ፕሮሰሰሮች፣ የልኩ ሬጅስተር 14 እያለ የሜሞሪው ኢነርጂ ቆጣሪ ግን በ15.3 ማይክሮጁል ይቆጥራል። በአንድ ገበያ ሁለት ቁና አለ እንደ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ከሬጅስተሩ አንብቦ ማወቅ አይቻልም፤ ፕሮግራሙ የፕሮሰሰሩን ሞዴል ለይቶ ልዩ ደንብ መተግበር አለበት።

የስያሜዎቹ ቤት

የሬጅስተር አድራሻዎችና የፕሮሰሰር ሞዴሎች ቁጥሮች ናቸው። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን ቁጥርን በቃሉ መያዝ ስለማይችል በስም ይጠራቸዋል። ስሞቹና ቁጥሮቻቸው ሄደር በሚባሉ የስያሜ ፋይሎች ተመዝግበዋል። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ሲገነባ ስሙን አይቶ ከስያሜ ፋይሉ ቁጥሩን ይተካል። ስሙን ካጣው «ያልታወቀ ስም» ብሎ ሥራውን ያቆማል።

ከርነሉ በየጊዜው እየተለወጠ እነዚህ ስሞች ለምን አይጸኑም? መልሱ ከርነሉ ሁለት ዓይነት ድንበር ያለው መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ከተጠቃሚ ፕሮግራሞች ጋር የሚያዋስነው የውጭ ድንበር ነው። በዚህ ድንበር ላይ የቶርቫልድስ ደንብ ጥብቅ ነው፤ ትናንት ይሠራ የነበረን ፕሮግራም የዛሬ ከርነል ሊያሰናክለው አይገባም። ሁለተኛው የከርነሉ የውስጥ ክፍሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የውስጥ ድንበር ነው። በዚህኛው ላይ ምንም ቃል ኪዳን የለም። የከርነሉ ሰነዶች የውስጡ አሠራር በማናቸውም ጊዜ ሊለወጥ እንደሚችል በግልጽ ያስረዳሉ፤ ገንቢዎቹ ስህተት ባገኙ ቁጥር የማረም ነጻነት እንዲኖራቸው ተፈልጎ ነው።

ተርቦስታትም ሆነ እርሱን የመሰሉ መለኪያዎች የተጠቃሚ ፕሮግራሞች ሆነው ሳለ ስያሜዎቻቸውን የሚያመጡት ከከርነሉ ውስጠኛ ፋይሎች ነው። እንግዳ ሆኖ ወደ ጓዳ እንደሚገባ ሰው ናቸው። የጓዳው ዕቃ ቦታ ሲቀየር የሚደናቀፈው እንግዳው ነው። ተርቦስታት ከከርነሉ ጋር በአንድ ማኅደር ስለሚኖር ለውጡን ያደረገው ሰው አብሮ ያስተካክልለታል። ቅጂውን አውጥቶ ለብቻው የያዘ ሰው ግን ራሱ ማስተካከል ይኖርበታል።

ለውጡ ምክንያት አለው፤ የ2019 ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በግንቦት 14 ቀን 2019 በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ የደኅንነት ክፍተት መገኘቱ ይፋ ሲሆን፣ ከመከላከያ ለውጦቹ ጋር የሬጅስተሮች ስያሜ ፋይልም ተስተካከለ። ቀድሞ አንዳንድ ቢቶች «1ን ወደ ግራ ይህን ያህል ቦታ ግፋ» በሚል አጻጻፍ ይገለጹ ነበር። በአዲሱ አጻጻፍ ግን ቢት የተባለ የጋራ ማክሮ ጥቅም ላይ ዋለ። ማክሮው የተገለጸው በሌላ የስያሜ ፋይል ውስጥ ስለሆነ፣ የሬጅስተሮቹ ፋይል ያንን ፋይል መጥራት ጀመረ። በመሆኑም የድሮ ሜክፋይል ይዞ አዲሱን የስያሜ ፋይል የተጠቀመ ሰው «የተጠራው ፋይል አልተገኘም» የሚል ስህተት ያጋጥመዋል።

ለውጡ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በሲ ቋንቋ 1 ተብሎ ብቻውን የተጻፈ ቁጥር 32 ቢት ያለው ሲሆን፣ የመጨረሻው ቢት የመደመርና የመቀነስ ምልክት መያዣ ነው። ይህን 1 በ31 ቦታ ወደ ግራ ብንገፋው ምልክቱ ላይ ያርፍና በተለመዱት ኮምፓይለሮች ውጤቱ ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ይሆናል። ቁጥሩ ከዚያ ወደ 64 ቢት ሲሰፋ ምልክቱ ወደ ላይኞቹ 32 ቢቶች ሁሉ ይገለበጣል። አንድ ቢት ብቻ ለማጣራት የታሰበው ማጣሪያ 33 ቢቶችን ያሳልፋል። አዲሱ ማክሮ ግን ከመጀመሪያው ሰፊና ምልክት አልባ ቁጥር ስለሚጠቀም ከዚህ አደጋ የጸዳ ነው።

ለዚህ ስህተት ሁለት መፍትሔ ሊታሰብ ይችላል። አንዱ የስያሜ ፋይሉን የምትጠራውን መስመር ሰርዞ ማክሮውን በራስ ግምት መጻፍ ነው። ሌላው ሜክፋይሉ ውስጥ የጎደለውን ማውጫ መጨመር ነው። የከርነሉ ገንቢዎች የመረጡት ሁለተኛውን ነው፤ በሜክፋይሉ ላይ አንድ የማውጫ አድራሻ ጨምረው ጉዳዩን ዘጉት። በመጀመሪያው መንገድ የሄደ ሰው ማክሮውን በድሮው ልማድ ከጻፈው፣ የተወገደውን ስህተት በገዛ እጁ መልሶ ያስገባዋል።

በቤተ ሙከራችን የሆነው

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። በቤተ ሙከራችን ሃስዌል ፕሮሰሰር ያለው አንድ ሰርቨር አለ። አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪያችን የፊዚክስ ስሌቶች ምን ያህል ኢነርጂ እንደሚፈጁ ታጠና ነበር። ለዚህም ከተርቦስታት የኢነርጂ ንባብ ክፍሉን ብቻ ወስደን፣ ውጤቱን በምንፈልገው ሰንጠረዥ የሚያትም አነስተኛ ፕሮግራም ከዓመታት በፊት ጽፈን ነበር። የሜሞሪውን ቁና ለመምረጥ ፕሮግራሙ የፕሮሰሰሩን ሞዴል ይጠይቃል። ሞዴሉ የሃስዌል ሰርቨር ከሆነ 15.3 ማይክሮጁል ይጠቀማል፤ አለበለዚያ በልኩ ሬጅስተር የተጻፈውን ይወስዳል።

ከርነሉን ስናድስ ፕሮግራሙ አልገነባም አለ። የሃስዌል ስም ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 የከርነሉ ገንቢዎች የኢንቴል ሞዴሎችን ስም መለወጥ ጀምረው ነበር፤ በስሙ ውስጥ «ፋም6» የሚለው ክፍል ቀርቶ ኢንቴልና የሞዴሉ መጠሪያ ብቻ ቀሩ። ተማሪዋ አዲሱን ስም ፈልጋ አገኘችና ተካችው። ኮምፓይለሩ በአዲሱ ስም ትርጓሜ ውስጥ ያለ ሌላ ማክሮ አላውቅም አለ። እርሱንም ከከርነሉ ቀድታ ጨመረችለት። በሦስተኛው ሙከራ ያለ አንዲት ማስጠንቀቂያ ተገነባ። «ዶክተር፣ ሠርቷል» ስትለን እኛም «ጎሽ» አልን፤ ለውጡን ግን አልመረመርንም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የውጤቱን ሰንጠረዥ አመጣችልን። ፕሮሰሰሩ በአማካይ 55 ዋት፣ ሜሞሪው 48 ዋት ይወስዳል ይላል። ሜሞሪ ይህን ያህል መብላቱ አዲስ ግኝት መስሎን አንድ ምዕራፍ ሊጻፍበት ታስቦ ነበር። ደግነቱ ሰርቨሩ ከግድግዳ ሶኬት የሚወስደውን ኃይል በሌላ መለኪያ መዝግባ ነበር፤ 98 ዋት። 55 እና 48 ሲደመሩ 103 ናቸው። ነፋሻዎቹ፣ ዲስኮቹና የኃይል አቅራቢው ብክነት ገና ሳይቆጠሩ ክፍሎቹ ከሙሉው በልጠዋል። የኢነርጂ ጥበቃ ሕግ ኮምፓይለሩ ያላየውን ስህተት አጋለጠው።

ምን ነበር የሆነው? የተለወጠው ስሙ ብቻ አልነበረም፤ ስሙ የያዘው ቁጥርም ተለውጧል። በድሮው አሠራር የሃስዌል ሰርቨር ስም 63 የሚለውን የሞዴል ቁጥር ብቻ ይይዝ ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን የአምራቹ፣ የቤተሰቡና የሞዴሉ ቁጥር በአንድነት ይቀመጣሉ። የኢንቴል የአምራች ቁጥር 0 ነው፤ ቤተሰቡ 6 ሲሆን በ256 ይባዛል፤ በእርሱ ላይ 63 ይደመራል፤ ድምሩ 1,599 ነው። የእኛ ፕሮግራም ከፕሮሰሰሩ የሚያነበው ግን አሁንም ሞዴሉን ብቻ፣ ማለትም 63ን ነበር። 63 እና 1,599 እኩል አይሆኑም። ስለዚህ ልዩ ደንቡ ተዘሎ ፕሮግራሙ ወደ «አለበለዚያ» ሄደ፤ በ15.3 ማይክሮጁል መቆጠር የነበረበት ሜሞሪ በ61 ተቆጠረ። ስህተቱ አራት እጥፍ ነው፤ እውነተኛው ፍጆታ 12 ዋት ነበር።

ኮምፓይለሩ አልዋሸንም። ሥራው ስሞች መኖራቸውንና ዓረፍተ ነገሩ በቋንቋው ሕግ መጻፉን ማረጋገጥ ነው። ሁለት ቁጥሮችን ማወዳደር በቋንቋው ሕግ ትክክል ነው፤ ማወዳደሩ ትርጉም ያለው መሆኑን መመርመር የእኛ ድርሻ ነበር። የከርነሉ ገንቢዎች የድሮውን ስም በአዲስ ቁጥር ሳይሞሉ ስሙን መለወጣቸው ሰዎች ቆም ብለው እንዲያዩ የሚያደርግ ማስጠንቀቂያ ነው። እኛ ግን ማስጠንቀቂያውን እንደ ሆሄያት ግድፈት ቆጥረን አለፍነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ የሦስት ሳምንት ልኬት እንደገና ተሠራ።

ጥፋቱ የተማሪዋ ብቻ አልነበረም። «አለበለዚያ» የሚለውን ቅርንጫፍ የጻፍነው እኛ ነን። በጊዜው የነበረው ተርቦስታት የማያውቀውን ሞዴል ሲያጋጥመው የኃይል ዓምዱን ጨርሶ አያሳይም ነበር። የእኛ ፕሮግራም ግን የማያውቀውን ሞዴል ሲያገኝ በግምት ይቀጥላል። የማያውቀውን «አላውቅም» የሚል መሣሪያ ግምቱን እንደ እውቀት ከሚያቀርብ መሣሪያ ይበልጣል።

ጥገናው እንዴት ይሁን?

ትክክለኛው ጥገና አጭር ነው። ከፕሮሰሰሩ የሚነበበውም ቁጥር በዚያው ደንብ እንዲቀናበር ማድረግ፣ ማለትም ቤተሰቡን በ256 አባዝቶ ሞዴሉን መደመር ነው። ያን ጊዜ በንጽጽሩ በሁለቱም ወገን 1,599 ይቀመጣል። በተጨማሪም «አለበለዚያ» የሚለውን ቅርንጫፍ ለውጠን፣ የማይታወቅ ሞዴል ሲያጋጥም ፕሮግራሙ መልእክት ጽፎ እንዲቆም አደረግን።

ከዚህ ልምድ ተነሥተን ተመሳሳይ ሥራ ለሚያጋጥማቸው ተማሪዎች የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ መሣሪያውና የስያሜ ፋይሎቹ ከአንድ የከርነል ቅጂ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብዙው የግንባታ ስህተት የሚመጣው የአንዱን ዓመት ፕሮግራም ከሌላው ዓመት ስያሜ ጋር ከማዳቀል ነው። ተርቦስታትን ራሱን ብቻ የሚፈልግ ሰው ከከርነሉ ማኅደር ሙሉውን ወስዶ በዚያው ቢገነባ ጥገናው ተሠርቶ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛ፣ የስህተት መልእክቶችን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ይገባል። አንድ ፋይል ሲጠፋ በእርሱ ውስጥ የነበሩ ስሞች ሁሉ ስለሚጠፉ፣ አንድ ስህተት ሃምሳ መስሎ ሊታይ ይችላል። የመጀመሪያው ሲታረም ቀሪዎቹ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ።

ሦስተኛ፣ ስሙ «ወደ ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ለምን ተለወጠ?» ማለትም ያስፈልጋል። የከርነሉ ታሪክ ጊት በተባለው መዝገብ ውስጥ ከነምክንያቱ ተቀምጧል። የጠፋውን ስም በዚያ መዝገብ ብንፈልገው ያስወገደውን ለውጥና የገንቢውን ማብራሪያ እናገኛለን። ይህ ንባብ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ለእኛ ሦስት ሳምንት ያድነን ነበር።

አራተኛ፣ ከተቻለ በውስጥ ድንበር ፋንታ በውጭው ድንበር መጠቀም ይሻላል። ሊኑክስ የኢነርጂ ቆጣሪዎቹን ፓወርካፕ በተባለው ክፍል አማካይነት በማይክሮጁል ቀይሮ ለተጠቃሚ ያቀርባል፤ የሃስዌልን ሁለት ቁና ጉዳይም ከርነሉ ራሱ ያስተናግደዋል። እኛም ስህተታችንን ያረጋገጥነው የፕሮግራማችንን ንባብ ከዚህ ንባብ ጋር አነጻጽረን ነው።

አምስተኛ፣ መሣሪያው ከተገነባ በኋላ ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅ ነገር ይፈተን። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ኃይሉ ይወርዳልን? ሲጫንበት ይወጣልን? የክፍሎቹ ድምር ከሶኬቱ ንባብ ያንሳልን? በቤተ ሙከራ አምፔርሜትር ስንቀበል ዜሮውን እንደምናስተካክለው፣ አዲስ የተገነባ ፕሮግራምም ይህን ፈተና ሳያልፍ ቁጥሩ በማስታወሻ ደብተር ሊሰፍር አይገባውም።

ተማሪዋ ልኬቱን ደግማ ሠርታ ጥናቷን በትክክለኛው ቁጥር አጠናቃለች። በአዲሱ ሰንጠረዥ ፕሮሰሰሩ 55፣ ሜሞሪው 12 ዋት ሲሆኑ፣ ከሶኬቱ 98 ዋት የቀረው 31 ዋት ለነፋሻዎቹ፣ ለዲስኮቹና ለብክነቱ ነው። «አዲሱ ግኝት» ጠፍቷል፤ ሒሳቡ ግን ተወራርዷል። ከዚያ ወዲህ ኮምፓይለሩ «አልገነባም» ባለን ቁጥር አንማረርም። ስህተቱን ጮክ ብሎ የሚነግረን እርሱ ነው፤ እርሱ ዝም ካለ በኋላ የቀረውን መመርመር የእኛ ተግባር ነው።